የቅጠሉ ጫፍ

ራካዪ ደጃፉን ረጭታ፣ ጠርጋ፣ የሩዝ ዱቄት በጭብጧ ሞልታ ጎንበስ እንዳለች ዱቄቱን ሳትጥል ቆየች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ ቫይራቫን ከበሩ ጀርባ ሆኖ። ድምፁን አፍኖታል። "መንገዱ ሰው ሊሞላ ነው እኮ።"

"ቤቱ ውስጥ ሬሳ አለ፣ አያ።"

"ቀስ ብለሽ አውሪ!"

"ሬሳ ባለበት ቤት ደጃፍ ላይ ኮላም አይሳልም። ይሄንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።"

"ለዚያ እኮ ነው ሳዪ የምልሽ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እዚህ ደጃፍ ላይ ነጥብ እየደረደረች፣ ነጥቦቹን በመስመር እያያያዘች ኮላሙን የምትስለው እሷ ናት። ጉንዳንና ወፍ ይበላዋል፣ እግር ይረግጠዋል፣ በማግስቱ እንደገና ነው። ሥዕል ያለበት ደጅ ሰላም ነው። ባዶ ደጅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ለቅሶ ማንም አይጠራም፤ ሰፈሩ ባዶውን ደጅ ያይና ጫማውን አውልቆ ይገባል።

ዛሬ ቫይራቫን ማንም እንዲገባ አልፈለገም።

የሞቱት የቤቱ እመቤት ተይቫናይ አቺ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቤት እመቤት ‘አቺ’ ተብላ ነው የምትጠራው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ጎህ ሲቀድ ራካዪ ትኩስ ወተታቸውን ይዛ ስትገባ አፋቸው ተከፍቶ፣ አንድ እጃቸው ከአልጋው ወርዶ አገኘቻቸው። ልትጮህ ነበር። የባላቸው የወንድም ልጅ ቫይራቫን ግን ከኋላዋ መጥቶ አፏን በመዳፉ ያዛት። ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ቫይራቫን ቼናይ ተወልዶ ያደገ፣ ሲንጋፖር የሚኖር ሰው ነው። ከሦስት ቀን በፊት መጣ። የመጣው አክስቱን ሊጠይቅ አይደለም፤ ለምሰሶዎቹ ነው።

የፊት አዳራሹን ጣሪያ አሥራ ሁለት የቲክ ምሰሶዎች ተሸክመውታል። እያንዳንዱ የአንድ ዛፍ ግንድ ነው፤ ሰው አቅፎ እጁን አያገናኝባቸውም። የአቺ ባል አያት ከበርማ በመርከብ ያስመጧቸው ናቸው። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ የለም፤ ስለዚህ ሰዉ የአያቱን ቤት እየነቀለ ይሸጣል። ይሄ ቤት አሥራ አንድ ባለድርሻ አለው። አሥሩ ፈርመዋል። አቺ እምቢ አሉ።

"እኔ ስሞት እዚህ ታስተኙኛላችሁ" ብለው ነበር ከትናንት በስቲያ፣ በከዘራቸው በሦስተኛውና በአራተኛው ምሰሶ መሃል ያለውን ወለል እየመቱ። "ባሌ እዚህ ነው የተኛው፣ አማቴም እዚሁ። ከዚያም በፊት ለፊቱ በር ታወጡኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ጣሪያውንም ብትበሉት ግድ የለኝም።" ወደ ራካዪ ዞሩና፣ "አንቺ ሰምተሻል" አሉ።

ሰምታለች።

"ገዢው ስድስት ሰዓት ላይ ከመኪናና ከሠራተኛ ጋር ይደርሳል" አለ ቫይራቫን አሁን። "መሞታቸው ከተሰማ ድርሻቸው እንደገና ለአሥር ሊከፋፈል ነው። ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት፣ አምስት ዓመት! ሰውየው የሌላ ሰው ቤት ነቅሎ ይሄዳል።"

"ለመቃጠልስ? ፀሐይ ከጠለቀች እኮ አይቃጠሉም። በዚህ ሙቀት እስከ ነገ ሊያድሩ ነው?"

"ነገ ጠዋት በክብር ይወጣሉ። በፊት በር።"

"ያለ ምሰሶ።"

"ራካዪ።" ከበሩ ጀርባ ትንሽ ወጣ አለ። "ያቺ የጓሮ ክፍልሽ አለች አይደል? በስምሽ አደርጋታለሁ። በወረቀት። አለዚያ ደግሞ..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ራካዪ ከላሞቹ በረት አጠገብ ባለችው በዚያች ክፍል ነው የምትኖረው። ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም።

ነጥቦቹን ጣለች። ዘጠኝ በዘጠኝ። እጇ ያለ እሷም ያውቀዋል።

ስትጨርስ ግንቡን ተከትላ ዞረች። ቤቱ ከአንዱ መንገድ ተነስቶ ሌላው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው፤ የፊት በሩ በአንዱ፣ የጓሮ በሩ በሌላው። በፊት በር ገብታ አታውቅም። ደጃፉን ትስላለች፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ትዞራለች፣ ላሞቹ በሚገቡበት ትገባለች።

የጓሮው ግቢ ላይ አሥራ አንድ ምድጃ ተደርድሯል። ድሮ የቤቱ ወንድ ልጅ ሲያገባ የራሱ ምድጃ ይሰጠው ነበር፤ አንድ ጣሪያ፣ አሥራ አንድ ማዕድ። አሁን አሥሩ ውስጥ ድመት ትወልዳለች። የሚጨሰው የአቺ ብቻ ነበር።

ቫይራቫን በኪራይ መኪና ሄዶ በረዶ ይዞ መጣ። ሁለት ጆንያ፣ ሰጋቱራ የተነሰነሰበት።

"ዓሣ ዓሣ ይሸታል" አለች ራካዪ።

"ከዓሣ ነጋዴ ነው ያመጣሁት። ከየት ላምጣ? ሌላ በረዶ የለም።"

"አቺ ዓሣ ይወዱ ነበር።"

ለምን እንዳለችው አታውቅም። ሁለቱም አልሳቁም። በረዶውን በአልጋው ዙሪያ ደረደሩ፤ አንዱን ቁራጭ ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ራካዪ አገጫቸውን በነጭ ጨርቅ አሰረች። ራስጌያቸው የዘይት መብራት ልታበራ ስትል ቫይራቫን ክብሪቱን ከእጇ ወሰደ።

"ጭስ ይወጣል።"

ከዚያ ከኪሱ ወረቀትና የማኅተም ቀለም አወጣ።

መጀመሪያ አልገባትም። የአቺን ቀኝ እጅ ሲያነሳ ገባት። ጣቶቹ ተጨብጠው ደርቀዋል። አውራ ጣታቸውን ለብቻው ሊያወጣ ጎተተ። አልወጣም። ጉልበቱን አልጋው ላይ አድርጎ እንደገና ጎተተ።

"ይሰበራል!" አለች ራካዪ።

"እንግዲያው አንቺ ያዢው!"

ያዘችው። እንዳይሰበር ነው የያዘችው፤ በኋላም ለራሷ ደጋግማ ያለችው ይሄንኑ ነው። እጃቸውን በሁለት እጇ አቅፋ አሞቀችው። ማታ ማታ ዘይት ስትቀባቸው እንደምታደርገው ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች ዘረጋችው። ቫይራቫን አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነው።

ወረቀቱን እፍ እፍ አለበት። "ንጹሕ ወጣ" አለ።

ራካዪ ኮምጣጣውን የሁመር ፍሬ ዘፍዝፋ ጣቱን አሸችው። ናስ የሚያጸዳ ሁመር ይሄንን አላስለቀቀም። ሐምራዊው ቀለም በጥፍራቸው ዙሪያ ቀረ። የእሷም አውራ ጣት ላይ ነበር።

ረፋዱ ላይ የጎረቤት ቤት እመቤት ቪሳላም አቺ የጓሮውን በር በከዘራ ደበደቡት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ይደክማል፤ ምላሳቸው ግን አይደክምም።

"አንቺ ራካዪ! ዛሬ ኮላምሽን ምን ነካው? የሰከረ ዶሮ የተራመደበት ይመስላል።"

"ወገቤን አሞኝ ነው፣ አቺ።"

"ወገብሽን ሁልጊዜ ያምሻል። ተይቫናይ የታለች? በጨው የታሸ ማንጎ እሰጥሻለሁ ብላ ሦስት ቀን አስጠበቀችኝ። ስስታም!"

"ተኝተዋል።"

"በዚህ ሰዓት? እሷ በዚህ ሰዓት ተኝታ አታውቅም።"

"ሙቀቱ ነው።"

ቪሳላም አቺ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አዩ። ራካዪ የበሩን መቃን እንደያዘች ነው። አውራ ጣቷን በሳሪዋ ጫፍ ውስጥ ደብቃለች።

"ሌሊት ውሻችን ሲያላዝን ደንግጬ ነበር" አሉ ሴትየዋ። "ጠዋት ደጃፋችሁን አይቼ ተመስገን አልኩ። ያ የሲንጋፖሩ ምሰሶ ሊነቅል ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቺ።"

"ተይቫናይ እያለች? በሬሳዋ ላይ ነው! ሂጂ እንደዚህ ብለሽ ንገሪው።" ሳቁ። ጥርስ የለም፣ ድድ ብቻ። "ስትነሳ ማንጎዬን ላኪልኝ። አትርሺ።"

ሄዱ። ራካዪ በሩን ዘግታ ተደገፈችው። የሟቿ ጓደኛ ናቸው። የስድሳ ዓመት። ደጃፉን አይተው ተመስገን አሉ።

ቫይራቫን ከአዳራሹ መጣ። "ጥሩ መለስሽላት። አሁን ምሳ ሥሪ። ዶሮ፣ በቁንዶ በርበሬ። ገዢው የዚህ ቤት ዶሮ ሲወራ ሰምቷል፤ መጥቶ እንዳይጎድልበት።"

"ሬሳ ሳይወጣ ምድጃ አይለኮስም።"

"ደጃፉም አይሳልም ብለሽ ነበር። ሳልሽው። ምን ሆንሽ?"

አየችው።

"ምንም አልሆንሽም" አለ። ጨካኝ ለመሆን አይደለም የሚናገረው፤ የመሰለውን ነው የሚናገረው። "ወግ ነው፣ ራካዪ። ወግ ማለት ሰው ሲያየው ነው። ማንም አላየም።"

ምድጃውን ለኮሰችው። ቁንዶ በርበሬ፣ እንስላል፣ ደረቅ በርበሬ ቆልታ ኮኮናት ጨምራ ድንጋይ ላይ ፈጨች። ዶሮው በሽንኩርትና በእርድ ሲጠበስ ሽታው ግቢውን ሞላው። የዓሣውን ሽታ አሸነፈው። እሷን ያስጠላት ይሄ ነው፤ ምግቡ ጥሩ ይሸት ነበር። አቺ ቢኖሩ ከአልጋቸው ሆነው "እንስላሉን አበዛሽው!" ብለው ይጮሁ ነበር። ባይበዛም ይጮሁ ነበር።

የሙዝ ቅጠል ልትቆርጥ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደች።

ባለፈው የመከር በዓል ቫይራቫን ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነበር። ላግዝ ብሎ አዳራሹ ውስጥ ለሃያ ሰው ቅጠል ዘረጋ። የሃያውንም ቀጭን ጫፍ ወደ ቀኝ አድርጎ። አቺ ከዘራቸውን ወርውረው ትከሻውን መቱት።

"ሳልሞት ልትበላልኝ ነው?"

"ምን አደረግኩ?"

"የቅጠሉ ጫፍ ወደ ግራህ ነው የሚሆነው! ወደ ቀኝ የሚዞረው ለሞተ ሰው ድግስ ነው! እናትህ ምንም አላስተማረችህም?"

"ቅጠል ቅጠል ነው፣ አክስቴ" ብሎ ሳቀ። ሃያውንም መልሳ ያዞረችው ራካዪ ናት። በሳምንቱ ረስቶታል። አቺ ግን አልረሱም፤ ስሙ በተነሳ ቁጥር "ያ ቅጠል የማያውቅ" ነበር የሚሉት።

ሁለት ቅጠል ቆረጠች።

ገዢው ኮታንዳም የማዱራይ ሰው ነው፤ ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ግንባሩ ላይ የአማኝ ምልክት የሆነው ሦስት የአመድ መስመር አለው። አራት ሠራተኛና ሁለት ትልልቅ ክሪክ ይዞ ነው የመጣው። ምንም ሳይናገር ምሰሶዎቹን እየዞረ በጣቱ መገጣጠሚያ መታቸው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። እንደ ሐኪም ነው። ራካዪ ውሃ ይዛ አዳራሹ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች።

"ጤነኞች ናቸው" አለ። "ይሄ ሦስተኛው ትንሽ ያዘነበለ ነው። ከእሱ እንጀምራለን።"

ሠራተኞቹ በሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ክሪኩን አቁመው እየጠመዘዙ ዋናውን አግዳሚ ገፉት። ጣሪያው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቋቋ። እንቁላልና ኖራ ተቀላቅሎ የተለሰነው፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳየው ግድግዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወረደ። አቺ በየሳምንቱ በኮኮናት ዘይት የሚያስወለውሉት ግድግዳ ነው።

"በቃ፣ አቁሙ። ከምሳ በኋላ" አለ ኮታንዳም። ወደ ቫይራቫን ዞረ። "አሮጊቷስ? አልፈርምም ብለዋል ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ፈረሙ። ይኸው።" ወረቀቱን አሳየው።

ኮታንዳም ሐምራዊውን አሻራ ትክ ብሎ አየ። "ጥሩ። እግራቸውን ነክቼ ልውጣ። የሰው ቤት እየነቀልኩ ሳልሰናበት አልሄድም።"

"ተኝተዋል። ሲነሱ ትንሽ ይቆጣሉ፤ እርጅና ነው።"

"ይሁን።" መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ምሰሶ መሃል፤ ነፋሱ እዚያ ነው የሚመጣው። ላቡን ጠረገ። "አትቀየመኝ። አርባ ዓመት ስነቅል ሁለት ነገር አልነካም፤ የቤተ መቅደስ እንጨትና ያልወጣ ሬሳ ያለበትን ቤት። አንዴ ሳላውቅ ነክቼ ታናሽ ወንድሜን በሦስት ወር አጣሁ። ባንጋሎር ያሉት ደንበኞቼ ምሰሶውን ቡና ቤት ውስጥ ነው የሚያቆሙት፤ እነሱ ምን ያውቃሉ። ጦሱን የምሸከመው እኔ ነኝ። ስለዚህ የትም ብሄድ መጀመሪያ ደጃፉን ነው የማየው።"

"ደጃፋችን እንግዲህ..." አለ ቫይራቫን።

"አየሁት። ትንሽ ጠማማ ነው።" ወደ ራካዪ ዞሮ ፈገግ አለ። "አንቺ ነሽ የሳልሽው፣ እህቴ? አይዞሽ፣ የኔም ሚስት ወገቧን ሲያማት እንዲሁ ይጣመምባታል።"

ቫይራቫን ሳቀ። ከሚገባው በላይ ሳቀ። "ራካዪ፣ ቅጠል አምጪ! እንግዳ አስራብን።"

ወደ ጓሮ ሄደች። ሁለቱን ቅጠሎች በውሃ አጠበች። ስትመለስ መተላለፊያው ላይ እግሯን ቀዘቀዛት። ከአቺ ክፍል በር ሥር ውሃ ወጥቶ፣ ሰጋቱራውን እየገፋ ወደ አዳራሹ መንገድ ጀምሯል። በሩን ገፋ አድርጋ አየች። በረዶው ግማሽ ሆኗል። የረጠበው ሳሪ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። ቀኝ እጃቸው እሷ እንደዘረጋችው ነው። መልሶ አልተጨበጠም። ሐምራዊ አውራ ጣት። መብራት የለም፣ ሰው የለም፣ እዬዬ የሚል የለም፤ ምግብ ላይ የሚያርፈው ዝንብ ብቻ ነው የመጣላቸው።

ማንም አላየም።

የጓሮ ክፍሏን አሰበች። ግድግዳዋን፣ የባሏን ሸሚዝ የሰቀለችበትን ምስማር። አንድ ትንሽ መስኮት አላት፣ ወደ ላሞቹ። ነገ ከዚያ ከወጣች ወዴት እንደምትሄድ አሰበች፤ የሚመጣላት ቦታ አልነበረም።

በሩን መልሳ ገጠመችው።

አዳራሹ ውስጥ ቫይራቫን ከኮታንዳም ጎን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። መጀመሪያ የእሱን ቅጠል አስቀመጠች። ጫፉን ወደ ቀኝ አድርጋ። ቀና ብሎ እንኳን አላየውም።

ከዚያ ኮታንዳም ፊት ተንበረከከች። ቅጠሉን ዘረጋች። በመዳፏ ለጥ አደረገችው። ጫፉ ወደ ቀኝ።

ኮታንዳም ቅጠሉ ላይ ሊረጭ በመዳፉ ውሃ ይዞ ነበር። እጁ አየር ላይ ቆመ። የራሱን ቅጠል አየ፤ የቫይራቫንን አየ፤ ቀጥሎ ራካዪን አየ። ቀስ ብሎ የተቀመጠበትን ወለል፣ ግራና ቀኙ ያሉትን ምሰሶዎች አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የለም።

"እህቴ" አለ፣ በጣም ዝግ ብሎ። "ቅጠሉ ዞሯል። ተሳስተሽ ነው አይደል? ደክሞሽ ነው።"

ለእሷ የተተወ መውጫ ነበር። አዎ ብትል ቅጠሉን አዙራው ሩዙን ትጨልፋለች።

"ምን ሆነ?" አለ ቫይራቫን፣ ስልኩን ሳይለቅ። "ኧረ ቅጠል ቅጠል ነው፣ ጌታዬ፣ ይብሉ፤ ዶሮው ይቀዘቅዛል።"

ከኮታንዳም መዳፍ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ያልቅ ነበር።

"አልተሳሳትኩም፣ አያ" አለች ራካዪ። ሩዙን አልጨለፈችም።